መድኃኒቱን ጨርሷል

ነርሷ ግድየለሽ ናት የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ግን የሆነው ሆነ።

ጤና ጣቢያው ሁለት ዓይነት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና እያነጻጸረ ነበር። ግማሾቹ ታካሚዎች የተለመዱትን መድኃኒቶች አጣምረው ስድስት ወር ይውጣሉ፤ ሌሎቹ አዲሱን ቅንብር አራት ወር። እርስ በርሳቸው «ባለስድስት»፣ «ባለአራት» እየተባባሉ ይቀላለዱ ነበር። ከታካሚዎቹ አንዱ የሆነ አናጢ ባለስድስት ደርሶት፣ «እኔማ መቼ ዕድል ኖሮኝ ያውቃል» እያለ ወረፋውን ያስቅ ነበር።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ሚስቱ ደወለች። ነርሷ የአክታ ዕቃ በእጇ ይዛ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሸጉጣ፣ በኮሪደሩ ጫጫታ ውስጥ አነሳችው።

«ሲስተር፣ ባለቤቴ እኮ መድኃኒቱን ጨርሷል።»

ሴትየዋ እሽጉ አልቆበታል ማለቷ ነው። ነርሷ ደግሞ ሰውየውን ከባለአራቶቹ ጋር አምታታችውና ሕክምናውን ፈጸመ ብላ ሰማች። ምን ይደረግ፣ ቃሉ ለሁለቱም ያው ነው። «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ በቃ ተገላገላችሁ» ብላ ዘጋችው። ባልና ሚስቱም ሕክምናው አጠረልን ብለው ተደሰቱ።

ከሳምንታት በኋላ አናጢው ደም እየተፋ ተመለሰ። በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶት እንደሆነ ገና አልታወቀም። ሚስቱን ቀና ብሎ አያያትም።

«እሷ ናት ያስቆመችኝ» አለ ለዶክተሩ። «ሲስተር ያላለችውን ብላለች ብላ።»

«እውነቱን ነው» አለች ሚስቱ አንገቷን ደፍታ። «እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁት። ሲስተር እንዲህ ያለ ነገር አትሳሳትም።»

ነርሷ እዚያው ዶክተሩ አጠገብ ቆማ ሰማቻቸው። ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። ዶክተሩም ሰውየው በራሱ ጊዜ አቋረጠ ብሎ ሊያልፈው ነበር። ያቺ ሴት ግን የነርሷን ጥፋት ተሸክማ ወደ ቤቷ ልትገባ ነው፤ ሰውየው ቢሞት ደግሞ ዕድሜ ልኳን ገዳዩ እኔ ነኝ እያለች ልትኖር ነው። ነርሷ በራሷ አፈረች።

«ባለቤትህ በትክክል ሰምታለች» አለችው ወደ አናጢው ዞራ። «ጨርሷል ስትለኝ ሕክምናውን መሰለኝ። ተገላገላችሁ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ቀና ብሎ አያት። ነርሷ ከሴትየዋ ስድብ ጠበቀች፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ሴትየዋ ግን ወደ እሷ አልዞረችም። ባሏን ነው ያየችው።

«ሰማህ?» አለችው።