አባቴ ከስክሪኑ እንዳይወርድ

በቤታችን የኮምፒውተር ሊቅ እኔ ነኝ። የሾመኝ ሰው የለም፤ አንድ ቀን የእናቴን ፕሪንተር ሶኬቱን ሰክቼ ስላስነሳሁት በዚያው ጸናሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ንድፎቿን የምታስቀምጠው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ፎቶውንም እዚያው አኑራለች። አባቴ ካሜራ ሲያይ ፊቱ ይጨፈገግ ነበር፤ ሲስቅ የተነሳው ያንን አንዱን ብቻ ነው። ላፕቶፑን በከፈተች ቁጥር እንዲቀበላት ስክሪኑ ላይ አድርግልኝ አለችኝ። ማሽኑ ግን መጀመሪያ ዊንዶውሱን አክቲቬት አድርጉ ብሎ እምቢ አለ። ይህንኑ የምትል ደብዛዛ ጽሑፍ ከስክሪኑ ጥግ ከተለጠፈች ዓመት አልፏታል።

ለሊቅ ይህ ምኑ ይከብዳል? ከኢንተርኔት አንድ ክራክ፣ ያለ ክፍያ ፈቃድ የሚሰብር ፕሮግራም፣ አወረድኩ። መመሪያው መጀመሪያ ፀረ-ቫይረሱን አጥፋ ይላል። ታናሽ እህቴ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

«ሌባ እኮ ነው ውሻህን እሰርልኝ ያለህ» አለችኝ።

ነገረኛ ናት ብዬ ውሻውን አሰርኩ። ጽሑፏ ጠፋች፤ አባቴ ስክሪኑን ሞልቶ ሳቀ። እናቴ መረቀችኝ፤ እኔም ሦስት ቀን ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

በአራተኛው ቀን ንድፎቿ አንድም አልከፈት አሉ። ፎቶውም ጭምር። በየፎልደሩ ገንዘብ ካልላካችሁ አይከፈትም የሚል ማስታወሻ ተቀምጧል። አባቴ ግን ስክሪኑ ላይ አሁንም ይስቃል፤ ፋይሉ ተቆልፎ ምስሉ ብቻ ቀርቷል። እህቴ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አለችኝ። አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር አለቀስኩም።

ላፕቶፑን ይዘን ሦስታችንም አንዲት ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ለሌቦቹ ብንከፍላቸውም ይከፍቱታል የሚል ዋስትና እንደሌለ፣ ማሽኑ ሙልጭ ተደርጎ መጥፋትና እንደገና መጫን እንዳለበት ነገረችን። ቀጥላ የላፕቶፑን ሞዴል አጣራችና ሳቀች። ሕጋዊው ፈቃድ ከፋብሪካው ጀምሮ ማሽኑ ውስጥ ነበር፤ ቀደም ሲል የጫነልን ሰው የማይገጥመውን ዓይነት ዊንዶውስ ጭኖበት ኖሯል። ትክክለኛው ከተጫነ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። ፈቃድ ባይኖረው እንኳ ከአምራቹ መግዛት ወይም ሊኑክስ የሚባለውን የዊንዶውስ ምትክ በነጻ መጫን እንችል ነበር። ያቺ ጽሑፍስ ብትቀመጥ ማንን ነከሰች?

ጠጋኟ ማሽኑን ልታጠፋው ስትል እናቴ እጇን ያዘቻትና ስልኳን አውጥታ ስክሪኑን ፎቶ አነሳች።

ከሰዓት ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሳ፤ ጽሑፏም የለችም። ፀረ-ቫይረሱን አደራ ስል እህቴ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች። ጠጋኟ የስልኩን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አደረገችው። አባቴ ይስቃል፤ የቀድሞው ስክሪን የቆሻሻ ባልዲ ምልክት ግን ልክ ትከሻው ላይ አብሮት ተነስቷል። ጠጋኟ ምልክቱን ላጥፋልዎት አለች።

«ተይው ልጄ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «አርባ ዓመት ባልዲውን አውጣልኝ ብዬው አንድ ቀን እሺ ሳይለኝ ነው የሞተው። ይኸው ተሸክሞ ይስቃል።»

ንድፎቿን አሁን ከወረቀት ቅዶቿ እንደገና ትሠራለች፤ ለኪው እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ባልዲ አለ፤ የማሽኑና በፎቶው ያለው የአባቴ። የቤቱ ሊቅ እስከ ዛሬ ተሳስቼ የአባቴን እጫናለሁ፤ አይከፈትልኝም።