ለፍልፈል የሚሆን መኪና

መኪና መሸጫው ውስጥ ሦስቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው፤ የሚለያዩት በደረጃ ብቻ ነው። ስታንዳርዱ፣ መካከለኛውና ፉል ኦፕሽኑ። እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው ስመላለስ ወለሉን ልጨርሰው ምንም አልቀረኝም። ባሌ ግን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ የውሃ ብርጭቆውን በጣቶቹ መሃል ያሽከረክራል።

"ሴትዮ፣ አረፍ በይ እንጂ! ምን ቁጭ ብድግ ያሰኝሻል? መኪኖቹ እንደሆኑ ጥለውሽ አይሄዱ" አለኝ።

እሱ ነው እንዲህ የሚለኝ! ዕድሜውን ሙሉ እግሩ ቤት አልቀመጥ ያለው ሰው። ሥራው የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው። ሠራተኞቹ መቆፈሪያውን ጭነው ከመነሳታቸው በፊት፣ መንገድ በሌለበት ቀድሞ ገብቶ ቦታውን የሚመርጠው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ፍልፈል ይለዋል፤ እኔም ስናደድ እንደዚያው ነው የምጠራው። ሳምንታት ቆይቶ ይመጣና ጫማውን ሳያወልቅ ስለሚቀጥለው ጉዞ ማውራት ይጀምራል። እባክህ ቤት ቁጭ በልልኝ ብዬ ስንት ዓመት ለምኜዋለሁ፤ ፈጣሪንም ለምኛለሁ።

ዛሬ እዚህ ያመጣን ባለፈው የደረሰበት ነገር ነው። በኪራይ መኪና ከአንድ ደረቅ ወንዝ ሲወጣ፣ አንዱ የኋላ ጎማ ብቻውን እየተሽከረከረ መኪናው ወደ ጎን ተንሸራቶ ተገለበጠ። ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ አደረ። ያወጡት በማግስቱ ያለፉ መንገደኞች ናቸው። የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ነበር፤ ድኗል። "ተርፌ የለ? በቃ!" ብሎ ወሬውን ዘጋው። እኔ ግን አልዘጋሁትም። ጎረቤታችን መካኒኩ "ሎክ ቢኖረው ኖሮ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ይገፉ ነበር፤ አይገለበጥም ነበር" ያለኝ ቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር ጥሎኝ ሄደ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ሆዱን ማየት ሥራዬ ሆነ።

ትክክለኛ ሥራዬስ ልብስ ስፌት ነው። ሜትሬን አንገቴ ላይ ሳላንጠለጥል ከቤት አልወጣም። እናም ተንበርክኬ ከወለሉ እስከ ፉል ኦፕሽኑ ሆድ ድረስ ለካሁ። ሻጩ፣ ክራቫቱን አንቆ ያሰረ ትሁት ሰውዬ፣ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"እትዬ፣ ልኩ እኮ ወረቀቱ ላይ አለ።"

"ወረቀት ላይማ ሁሉም ልብስ ልክ ነው" አልኩት።

ሳቀና ማስረዳት ጀመረ። ስታንዳርዱ በአራቱም ጎማ ይጎትታል፤ ሎክ ግን የለውም። መካከለኛው የኋላ ሎክ አለው፤ ወንበሩ ጨርቅ፣ ወለሉ በውሃ የሚታጠብ ፕላስቲክ ነው። ፉል ኦፕሽኑ ከፊትም ከኋላም ሎክ፣ ዙሪያውን ካሜራ፣ የቆዳ ወንበር፣ የሚከፈት ጣሪያ አለው። የቆዳውም የጣሪያውም ነገር ደንታዬ አልነበረም። የምፈልገው ባሌን ወደ ቤት የሚመልስልኝን ነው። ሁለት ሎክ ከአንድ ይበልጣል፣ አለቀ።

"ፉል ኦፕሽኑ!" አልኩ ወደ ሶፋው ዞሬ።

"ስታንዳርዱ ይበቃል" አለ ከብርጭቆው ቀና ሳይል።

"ሎክ የሌለው?"

"ለከተማ ምን ሎክ ያስፈልጋል?"

"የምን ከተማ? አንተ መቼ ነው ከተማ ውስጥ የነዳኸው?"

ስልኩ ጠራ። ሠራተኞቹ ናቸው፤ ሰሞኑን ሳያቋርጡ ይደውላሉ፤ ውሃ የሚጠብቅ መንደር አለባቸው። አየው፣ ገልብጦ ሶፋው ላይ አስቀመጠው። አንጀቴ ቅጥል አለ። ግትርነት መሰለኝ፤ "እኔ ያለ ሎክም እነዳለሁ" የሚል የወንድ ጉራ።

ሻጩ ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ መሆኑ ገባውና ከጓሮ የመሞከሪያ ሜዳ እንዳለ ነገረን። ለሙከራ የተመደበው መካከለኛው ስለነበር እሱን አወጣልን። ባሌ መሪውን ያዘ፣ እኔ ጋቢና ገባሁ፣ ሻጩ ከኋላ ተቀመጠ። ሜዳው ላይ ድንጋይና ልል አፈር የተከመረበት ቀጥ ያለ አቀበት አለ። እግሩ ሥር ደረስን። ባሌ ከባዱን ማርሽ አስገባ፤ ፍሬኑን እንደረገጠ ቆመ። ሞተሩ ያጉረመርማል። እኛ ቆመናል።

"ምን ትጠብቃለህ? ውጣ እንጂ!" አልኩት።

ያን ጊዜ ነው ዞር ብዬ ያየሁት። የለበሰው እኔ የሰፋሁለትን ሸሚዝ ነው፤ ጀርባው በላብ ተጣብቋል፣ ኮሌታው ደግሞ አንገቱ ላይ ሰፍቶ ተንዘላዝሏል። በአሮጌ ልኩ ነበር የሰፋሁለት። በእኛ ሥራ ከሕመም የተነሳ ሰው እንደገና ይለካል፤ በድሮው ልክ ጨርቅ አይቆረጥም። ይህን ለሰው ሁሉ የምሰብክ ሴት፣ አሁንም ለድሮው ባሌ መኪና እየቆረጥኩ ነበር።

"አልችልም" አለ ቀስ ብሎ። "ፍሬኑን ልልቀቅ እላለሁ፣ እግሬ እምቢ ይለኛል። ስልክ የማላነሳውም ለዚሁ ነው። ስታንዳርዱ ይበቃል ያልኩሽ ሁለተኛ ከአስፋልት አልወርድም ብዬ ነው። ግን አስፋልት ላይ እኔ ምንድን ነኝ?"

ሻጩ "ውጭ ልጠብቃችሁ" ብሎ ወረደ። እግዜር ይስጠው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስንት ዓመት የለመንኩት እኮ ተሰጠኝ፤ ባሌ ቤት ሊቀመጥልኝ ነው። ደስ አላለኝም። ፈራሁ። ቀሪ ዘመኑን ሶፋ ላይ ብርጭቆ ሲያሽከረክር ታየኝ።

"ውረድ" አልኩት።

"ምን?"

"ውረድና በዚህ በኩል ግባ። እኔ እነዳለሁ።"

"አንቺ የነዳሽው የጨርቅ ማመላለሻ ነው እኮ!"

"አፍ የለህም? አንተ ንገረኝ፣ እኔ አደርጋለሁ።"

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ወረደ፣ ዞረ፣ ገባ። እኔም ወንበሩን ወደፊት ሳብኩ። አንገቴ ላይ ያለውን ሜትር ሳይቀር አውልቄ ኪሴ ከተትኩ።

"አውራ ጣቶችሽን ከመሪው ውስጥ አውጪ" አለ። "ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው ዞሮ ይሰብርብሻል። እሺ። አሁን ፍሬኑን ልቀቂ። ነዳጅ አትርገጪ፣ ራሱ ይወጣል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።"

ለቀቅኩ። መኪናው እያቃሰተ መውጣት ጀመረ። ከፊቴ አፈር ብቻ ነው የሚታየኝ። እኩሌታው ላይ ስንደርስ አንዱ የኋላ ጎማ ብቻውን መሽከርከር ጀመረ፤ መኪናው ወደ ጎን ነቅነቅ አለ። ባሌ ከፊቱ ካለው መያዣ ላይ ተጣበቀ። የጎማው ድምፅ ያኔ ከወንዙ ሲወጣ የሰማው ነው።

"ፍልፈል!" ጮህኩ። "ምን ላድርግ?"

"ፍሬን ያዢ።" ድምፁ ከሩቅ ነው የመጣው። "ቁሚ። ሎኩን ተጫኚ... ከመሪው በታች ያለውን። መብራቱ በራ? አሁን ልቀቂ። ቀስ። ቀስ። እንደሱ።"

ሁለቱ ጎማዎች አብረው ነከሱ። ከኮፈኑ በላይ ሰማይ ብቻ ታየኝና ደግሜ ጮህኩ፤ ከዚያ መኪናው ጎንበስ አለና አናቱ ላይ ቆምን። ሁለታችንም እናለከልካለን። ሻጩ አቀበቱን በእግሩ እየሮጠ ወጥቶ መስኮቱን አንኳኳ።

"የትኛው ሆነላችሁ?"

"ፉል ኦ..." ብዬ ስጀምር ባሌ አቋረጠኝ።

"ፉል ኦፕሽኑ እዚህ ጋ እንዲህ ያለ መያዣ አለው?"

"የለውም ጋሼ። በቦታው የሚያምር እንጨት ነው ያለው።"

"እንግዲያው ይኸኛው።"

ስልኩ ጠራ። ባሌ ለጥቂት ጊዜ አየውና አነሳው። የሠራተኞቹ አለቃ ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ትመጣለህ ወይስ ሌላ ሰው እንፈልግ ይላል።

"እመጣለሁ" አለ ባሌ። "አይ፣ እኔ አልነዳም። ሚስቴ ናት የምትነዳው።"

"ማን?" አለ አለቃው።

"ሚስቴ ናት አልኩህ እኮ! እኔ ጋቢና ነኝ።"

ስልኩን ሲዘጋም ሌላው እጁ መያዣውን አልለቀቀም ነበር። እኔም የስፌት ሱቄን ቁልፍ ለማን እንደምሰጥ ማሰብ ጀመርኩ።