ከካርዱ ጥግ የጠፋው ቀይ ምልክት

ይህ ወሬ ቅንጣት ውሸት የለበትም፤ ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው!

የሆስፒታላችንን ካርዶች ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ አማካሪዎች ከውጭ ተቀጥረው ሲመጡ፣ እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛው ብቻዬን አርበደበድኳቸው። መድኃኒት የማይስማማው ሕመምተኛ ሲኖር፣ እኛ ካርዱ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት እናደርግ ነበር። የነሱ ቅጽ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

በመጨረሻው ስብሰባ ዋናው አማካሪ «የቀረ ነገር አለ?» ሲል ብድግ ብዬ ጠረጴዛውን በቡጢ ስለው አዳራሹ ተናወጠ።

«ስማ አንተ ባለ ከረባት! ቀዩ ምልክት የት ገባ? የእህቴም ካርድ ላይ አለ!»

የሰውዬው ላብ ከረባቱን አጠበው። ዳይሬክተሩ ሳይቀር አጨበጨበልኝ። ምን ያደርጋል፣ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑና ካርዶቹን መጋዘን ከተቱ። በሦስተኛው ወር ኮምፒውተሩ ለሐኪሞቹ ምንም ስላላሳያቸው፣ እህቴን ያንኑ የማይስማማትን መርፌ ወጓት። ከዚያ አልጋ አልተነሳችም።

ይህን የምነግራት የእህቴ ልጅ እንባዋን ጠርጋ «አንተስ የአቅምህን አድርገሃል፣ አጎቴ» አለችኝ።

ሃያ ዓመት አብራኝ የሠራችው የካርድ ክፍል ባልደረባዬ አጠገባችን ተቀምጣለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ፣ በዚያ ስብሰባ ጎንህ ነበርኩ እኮ። ‹ሁሉም ተሟልቷል፣ ጌታዬ› ብለህ ቅጻቸው ላይ ፈረምክ። ከሥርህ እኔም ፈረምኩ።»