ጭራ የሌለው ከብት

ካሕሳይ ሞተር ሳይክሏን ከሱቁ ጓሮ እየገፋ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሲያቆማት፣ የበድረዲንን ዐይን የሳበው ደማቅ ቀይ ቀለሟ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ከመሪዋ ሥር፣ አንገቷ ላይ መኖር ያለባትን የጣት ርዝመት ያላት ብረት ፈለገ። አገኛት። የፋብሪካው ስም፣ የሻንሲው ቁጥር፣ ከግርጌ ደግሞ የተሠራችበት ዘመን፤ በፈረንጅ 1971።

«አየህ?» አለ ካሕሳይ። «ሰባ አንድ! ከአስመራ ስትመጣ ጎማዋ እንኳ አፈር አልነካውም ነበር።»

«ብረቷ የታሰረችው በብሎን ነው።»

«ታዲያ በምን ትታሰር? በክታብ?»

«ፋብሪካው በማይፈታ ሪቬት ነው የሚመታት። በብሎን ከሆነ ሰው ነቅሏታል ማለት ነው።»

«እኔ ነኝ የነቀልኳት! ቀለም ሳስቀባ ነቀልኳት፣ ሲደርቅ መለስኳት።»

«እንግዲያው ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እንየው። ከብረቷ ቁጥር ጋር ከገጠመ ነገሩ አለቀ።»

የተቀረጸው ቁጥር ግን ከቀዩ ቀለም ሥር ተቀብሯል። በድረዲን ሰንጢ ቢጠይቅ ካሕሳይ ሞተሯን ወደ ራሱ ሳባት።

«አዲስ ቀለሜን ልትፍቅብኝ? ግዛና ፋቀው! ኒካ ሳታስር ሻሽ ታስወልቃለህ እንዴ?»

በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሳቁ። በድረዲንም ፈገግ አለ፤ ገንዘቡን ግን ከኪሱ አላወጣም። ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

ለራሱ የሚገዛ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨቃጨቀ። ከጎንደር በጤና ሙያ ተመርቆ ቆቦ ጤና ጣቢያ ከገባ ዓመት አልሞላውም። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ቆላው እንዳለ ወደ መኪናው መንገድ ፈልሷል። መራመድ የቻለ ቆቦ ደርሶ ከመንገዱ ዳር ተቀምጧል፤ መራመድ ያልቻለ ከዞብል ግርጌ ቡርቃ የምትባል ምንጭ ዳር ቀርቷል። ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ግመሉ ተሸጧል፣ በቅሎው አልቋል፤ መኪና ደግሞ ያንን አሸዋ አይሻገርም። የከተማው መምህራንና ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ «ቀላል ሞተር ሳይክል ትገዛና በድረዲን የፋፋ ዱቄትና መድኃኒት ያመላልስ» ያሉት ለዚህ ነበር።

ዘመኑ ላይ ሙጭጭ ያለውም ያለ ነገር አይደለም። ጎንደር ሳለ ለመስክ ሥራ የሚወጡባቸው ሞተሮች ከዚሁ ዓይነት ነበሩ። የስድሳ ዘጠኙና የሰባ አንዱ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ ለጀማሪ የሚመቹ፣ ቀላል፣ መቀመጫቸው ዝቅ ያለ። ልዩነታቸው ሆዳቸው ውስጥ ነው። የስድሳ ዘጠኙ ኩሽኔታ አሸዋና ሙቀት ሲበዛበት ይሰነጠቅና ሞተሩ ባለበት ይደርቃል። ለሰባ አንዱ ፋብሪካው ጠንካራ ኩሽኔታ አድርጎለታል። ከተማ ውስጥ ቢሆን ቢደርቅም ገፍቶ መመለስ ነው። በቡርቃ መንገድ ከደረቀ ግን ምንጩ ዳር ያሉት እንደጠበቁ ይቀራሉ፤ ሁለተኛ ሞተር የሚገዛ ገንዘብ የለም። አዲስ ከደሴ ይታዘዝ ቢባል ደግሞ እስኪመጣ ማን ተርፎ ይጠብቃል?

ሌላ ተመሳሳይ የሚሸጥ ሞተር ጎብዬ እንዳለ ሲሰማ፣ ገንዘቡን ያዋጣው ኮሚቴ አቶ ወልደ ሚካኤልን አብሮት ላከ። አቶ ወልደ ሚካኤል የጨውና የጋዝ ነጋዴ ናቸው፤ ዐይናቸው የተሰነጠቀ ሚዛን ከሩቅ ይለያል ይባላል።

«አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፣ ዶክተር» አሉት የጭነት መኪናው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው። ዶክተር አለመሆኑን ያውቃሉ። «ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«እርስዎንስ ማን ይጠብቅዎታል?»

«አንተ ነሃ! ለምን ወጣት መረጡ መሰለህ?»

የሞተሩ ባለቤት ሙሀመድሰይድ ከብት ነጋዴ ነበር። በደጉ ዘመን ሞተሯን ከአንድ የመንገድ ቀያሽ በበሬ ለውጦ አገኛት፤ ከብቱን አስነድቶ እሱ በሞተር ቀድሞ ገበያውን ይሰልል ነበር። አሁን በረቱ ባዶ ነው። እበቱ እንኳ ደርቆ ዱቄት ሆኗል። ሞተሯ በረቱ መሃል ቆማለች፤ አቧራ የለበሰች፣ ቀለሟ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ አንድ ጎኗ የተላጠ።

«የሰባ አንድ ናት» አለ ሙሀመድሰይድ። «ቀያሹ ራሱ አንብቦልኛል። ብረቷ ላይ ተጽፏል፤ እየው።»

በድረዲን ጎንበስ አለ። ብረት የለም። ሁለት ባዶ ቀዳዳ ብቻ፤ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ በስለት ተፈልቅቆ ያብረቀርቃል። ከተነቀለች የሰነበተች ቢሆን አቧራው በሸፈነው ነበር።

ቀና ብሎ ሰውየውን አየው። ሙሀመድሰይድም ጎንበስ አለ፣ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰ፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ወላሂ ትናንት ነበረች!»

«ኧረ?» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል። «ገዢ ሊመጣ ሲል እግር አወጣችና ሄደች?»

«በአላህ ስም! በዚህ ዐይኔ አይቻታለሁ።»

«በሬ ቢሆን እኮ ምልክቱ ከነጆሮው ተቆርጦ መጣ እንል ነበር። ምልክት የሚቆርጥ ደግሞ ሌባ ነው።»

«አንቱ ሰውዬ፣ በረቴ ውስጥ ቆመው ሌባ ይሉኛል?»

በድረዲን ሁለቱንም አልሰማም። ቀለም ስላልተቀባ የሻንሲው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ ግን ቁጥሩ ብቻውን ዘመኑን አይናገርም። ሰውየው የስድሳ ዘጠኝ መሆኗን አውቆ ማስረጃውን ደብቆ ይሆን? የመሐላው ድምፅ የእውነት ይመስላል። ግን የተራበ ሰው መሐላም የእውነት ይመስላል። ይህን በማሰቡ አፈረ፤ ማሰቡን ግን አላቆመም።

«እንሂድ» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል። «ከዚህስ የካሕሳይ ብሎን ይሻላል።»

ከቤቱ በር የሴት ድምፅ መጣ። «ምን ጠፋባችሁ?»

የሙሀመድሰይድ ሚስት ሀሊሜ ናት። መቃኑን ተደግፋ ስታያቸው ቆይታለች።

«የሞተሯ ብረት ጠፍታ ነው፣ እታለም» አላት በድረዲን። «ትንሽ፣ ጽሑፍ ያለባት።»

«እሷማ ቤት ናት።»

ባሏ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«ቤት ናት አልኩ። እኔ ነኝ የነቀልኳት፣ ዛሬ ጧት፣ በቢላዋ።»

«ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል! ሌባ እኮ አስባልሽኝ!»

«ከብት ሲሸጥ ጭራው አይነቀልም?» አለች ሀሊሜ፤ ገርሟታል እንጂ አልፈራችም። «ከዚህ በረት አንድ እንስሳ ሳልነቅል ወጥቷል? ያቺን ሞተር ዞርኳት፣ ዞርኳት፤ ጭራ የላትም። የምትነቀል ነገር ያገኘሁባት ያችን ብቻ ነው።»

ልማዱን የማያውቅ አልነበረም። ከብት ሲሸጥ የቤቱ ሴት ከጭራው ጥቂት ጠጉር ነቅላ ታስቀራለች፤ ከብቱ ቢሄድ ዕድሉ አብሮ እንዳይሄድ። ለገዢ አይነገርም። ለባልም ማስታወቅ አያስፈልግም።

«ላያት እችላለሁ?» አለ በድረዲን።

«ማየት ትችላለህ። መንካት አትችልም።»

ቤቱ ውስጥ ምሰሶው ላይ የጭራ ጠጉር ተንጠልጥሏል፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡላ፣ ዳማ፣ እያንዳንዱ በክር ተጠቅልሎ። ሙሀመድሰይድ አንዱን ጥቁር አይቶ «ጉራቻ» አለ በቀስታ፣ በሬውን በስሙ እንደሚጠራው ሁሉ። ከዚያ ፊቱን አዞረ። ከሁሉም በታች ብረቷ በክር ታስራ ተሰቅላለች።

በድረዲን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተጠጋና አነበበ። ወደ በረቱ ወጥቶ የሻንሲውን ቁጥር አየ፤ ተመልሶ ገብቶ ብረቷን አየ። ልክ ነው ወይስ ልክ እንዲሆን ፈልጎ ነው? ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ቁጥሩ አንድ ነው። ዘመኑም 1971።

«ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ?» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል በትከሻው ላይ አሻግረው። «ገና ስድሳ ስድስት ላይ አይደለን? ያልደረስንበት ዘመን ነው እንዴ የሠራት?»

«በፈረንጅ ነው፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ለማጣራት ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በል፣ ብረቷን ይዘን እንሂድ። ኮሚቴው ‹አሮጌ ገዝታችሁ ትርፉን በላችሁ› እንዳይለን።»

ሀሊሜ ከምሰሶው ፊት ቆመች። «እሷን ከወሰዳችሁ በረቴን ወሰዳችሁት።»

«በረቱማ ባዶ ነው፣ ልጄ።»

«ባዶ ስለሆነ ነዋ!»

አቶ ወልደ ሚካኤል ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ማየት ጀመሩ። በድረዲን ብረቷ እንደምታስፈልገው ያውቃል፤ ከተማ ሲመለስ የሚጠብቀውን ሐሜትም ያውቃል። ሴትዮዋ የምትጠብቀው ግን ዝናብ ነው።

«ትቅር» አለ። «ጋሼ፣ እርስዎ አይተዋል። ይመሰክራሉ።»

«እኔን ማን ያምነኛል?» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል፤ ግን ወደ በሩ ሄዱ። ሲወጡ፣ «የኔም እናት ታደርገው ነበር» ሲሉ ተሰማ።

በማግስቱ በድረዲን በተገዛችው ሞተር ላይ የፋፋውን ከረጢት ከኋላ አስሮ መድኃኒቱን በትከሻው አንግቶ ከቆቦ ወጣ። ጎንደር የለመደው የሸክላ አፈር ነበር፤ አሸዋ ላይ ጀማሪ ነው። ደረቁ ወንዝ ውስጥ ሲገባ የፊት ጎማው ወደፈለገበት ይሄዳል። ወደቀ፤ አነሳት፤ ደግሞ ወደቀ። ሞተሩ ሲያቃስት ጆሮውን አቀና። ይህ የኩሽኔታ ድምፅ ይሆን? ሁለት ብረት ብትኖራትስ? ሴትዮዋ የሌላ ሞተር ብረት አሳይታኝ ቢሆንስ? ቁጥሩን በዐይኑ ያየ ሰው መልሶ ይጠራጠር ጀመር። ሞተሩ ግን እያቃሰተ ወንዙን ተሻገረ፣ በግራር መሃል አለፈ፤ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ቡርቃ ደረሰ።

ምንጩ ዳር ሰው የለም። የእሳት ቦታው ይጨሳል፣ አንድ እንሥራ ተጋድሞ ውሃ ያፈሳል። ቁጥቋጦው ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። የቀረችው አንዲት አሮጊት ናት፤ ጭኗ ላይ ሕፃን ተኝቷል። መሸሽ አልቻለችም።

«ግብር ነው?» አለች።

ያኔ ገባው። እዚህ አገር የሞተር ድምፅ ይዞ የሚመጣው ግብር ሰብሳቢ ነው።

«አይደለም፣ እማ። የልጆች ምግብ ነው።»

«ማን ላከህ?»

«የቆቦ ሰው።»

«የቆቦ ሰው በነፃ መስጠት የጀመረ መቼ ነው?»

በድረዲን እሳቱን አቀጣጥሎ ውሃ አፈላ፣ ዱቄቱን በጥብጦ አበሰለ፣ ቀዝቀዝ ሲል በኩባያ አቀረበላት። አሮጊቷ እጇን አልዘረጋችም።

«ቅመስ።»

«ለልጁ ነው፣ እማ። እዩት፣ ከረጢቱ ታሽጎ ነው የመጣው፣ ማኅተም አለበት።» ማኅተሙን አሳያት። አየችው፤ መልሳ እሱን አየችው።

«ቅመስ አልኩህ። ሳይቀምስ የሚያቀምስ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እውነቷን ነው። ከፋብሪካ የወጣ ጽሑፍ ለሱ እንጂ ለሷ ምኗም አይደለም። መዳፉ ላይ አፍስሶ ጠጣ። አሮጊቷ ጉሮሮውን እያየች ጠበቀች።

«ድገም።»

ደገመ። የቀዘቀዘ የመሰለው አጥሚት ገና ትኩስ ነበር፤ ዋጠው።

አሮጊቷ ኩባያውን ተቀበለች። በጣቷ ነክራ የሕፃኑን ከንፈር አስነካች። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሌላ ጠብታ ጨመረችለት፤ ከዚያ ወደ ቁጥቋጦው ዞራ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ተጣራች።

«ኮታ! ኑ፣ ግብር አይደለም! ኮታ!»