ውሃው ሳይቀድመው

ኡበይደላ ከመርሳ በታች ካለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ እየጫነ ለወልድያ ግንበኞች ማመላለስ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። የጭነት መኪናው፣ ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ቤድፎርድ፣ በዕድሜ ትበልጠዋለች። ማክሰኞ ዕለት ሙሉ ጭነት እንደያዘች ከወንዙ መሃል ተቀረቀረች። አብሮት የሚሠራው መካኒኩ አበባው፣ "ጭነቱን እናራግፍና ከጎማው ሥር ድንጋይ እንደርድር" ቢለው አልሰማም። ፍሪሲዮኑን እየረገጠ እየለቀቀ፣ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ አፍንጫ እስኪሰነፍጥ ድረስ ታገላት። በመጨረሻ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጎማው አይዞርም።

አሸዋውን በአካፋ አራግፈው፣ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሣጥን፣ ለሁለት ተጋግዘው አወረዱት። ረቡዕ ኡበይደላ የተቃጠለውን የፍሪሲዮን ዲስክ ወልድያ ወስዶ አዲስ ሸራ አስመታና ተመለሰ። ጠቡ የመጣው ያኔ ነው።

"መጀመሪያ ትራክተር ለምነን ወደ ዳር እናውጣት" አለ አበባው። "ካምቢዮውን ደረቅ መሬት ላይ እንገጥመዋለን። ሰኔ እያለቀ ነው፤ እዚህ ባይዘንብም ደጋው ላይ ይዘንባል።"

"ትራክተሩ ሁሉ እርሻ ላይ ነው። ደግሞ አንተ ደገኛው፣ የእኔን ወንዝ ለእኔ ልታስተምረኝ ነው?"

አበባው እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ መሣሪያውን ሰበሰበና ወደ ተራራው፣ ወደ ቤቱ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ኡበይደላ ብቻውን ጀመረ። ጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ ጠርጎ እስከ ዳር ድረስ ድንጋይና ቅርንጫፍ አነጠፈ። ዲስኩን ከቦታው አስቀምጦ አሰረ። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ክሪክ አቁሞ፣ ከመቶ ኪሎ የሚበልጠውን ካምቢዮ በሳንቃ ላይ እያንሸራተተ ከመኪናዋ ሥር አስገባውና በክሪኩ አነሣው። ይህን ሁሉ እስኪጨርስ ቀትር አለፈ። የቀረው የካምቢዮው ዘንግ ከዲስኩ ጥርስ ጋር ተገናኝቶ መግባት ነበር። ቢገፋ፣ ቢያወዛውዝ፣ ቢለምነው አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ይቆማል። በአራተኛው ሙከራ ትከሻውን አስደግፎ በሙሉ ኃይሉ ገፋ።

ክሪኩ ዘመመ። ካምቢዮው ከሳንቃው ተንሸራቶ ደረቱ ላይ ወደቀ።

ትንፋሹ ቆመ። ግራ እጁ ከብረቱ ሥር ነው፤ ቀኙ ብቻ ነጻ ነው። ልጩህ ቢል ድምፅ የለም፤ ቢጮህስ ማን ይሰማዋል? በዚያው ቅጽበት ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። እንደገና ጠራ።

"ያ ረቢ" አለ ኡበይደላ በሆዱ። በቀኝ እጁ ከጎኑ ያለውን አሸዋ መጫር ጀመረ። ከጎድኑ ሥር፣ ከትከሻው ሥር፣ ጥፍሩ እስኪደማ ጫረ። ጀርባው ቀስ በቀስ ወደ ታች ሰመጠ፤ ደረቱ ትንሽ ክፍተት አገኘ። እንደ እባብ እየተሳበ ሲወጣ ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ይጠራ ነበር። አበባው ነው።

"የት ነህ?"

"እዚሁ።"

"ከወንዙ ውጣ! እዚህ በረዶ ቀላቅሎ እየወረደ ነው፤ ገደሉ ሁሉ ውሃ ሆኗል። ጎርፉ አንተ ጋ ለመድረስ ሰዓት ቢፈጅበት ነው፤ እሱንም አይሞላ።"

ኡበይደላ ቀና አለ። ከራሱ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ተራራው ግን አይታይም።

"መኪናዋን ትቼ አልወጣም።"

"ብረት ናት፣ ተዋት!"

"አልተዋትም አልኩህ!"

ከስልኩ ውስጥ ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ እየተሰማ አበባው ቀጠለ።

"እሺ፣ ስማኝ። ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ ነው?"

"አይደለም።"

"ለዚያ ነው እምቢ የሚልህ። አንደኛ አስገባና የኋላ ጫፉን በእጅህ ቀስ እያልክ አዙረው፤ ጥርሱ ራሱ ይገባል። ሲገባ አራት ቡሎን ይበቃሃል። ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚሄደውን ዘንግ እሰር፤ ሌላውን ተወው።"

"ፍሪሲዮኑስ?"

"እሱን ለማገናኘት ጊዜ የለህም። ማርሽ ውስጥ እንዳለች አስነሣት።"

ኡበይደላ ሁለት ድንጋይ ጨምሮ ክሪኩን ዳግም አቆመ። ግራ እጁ አብጦ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውታል። "ቢስሚላህ" ብሎ የካምቢዮውን ጫፍ አዞረ፤ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። ቀጭ አለና ብረቱ ከብረት ጋር ገጠመ። አንዱን ቡሎን አሰረ፣ ሁለተኛውን አሰረ። ሦስተኛው ከእጁ አምልጦ አሸዋ ውስጥ ገባ፤ ፍለጋውን ትቶ ሌላ አነሣ። ክሪኩን ዝቅ አድርጎ፣ የኋላውን ዘንግ አስሮ ሲጨርስ ከላይ ነፋስ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ቅጠል ግን አይንቀሳቀስም።

መሣሪያውን እዚያው ትቶ ጋቢና ገባ። ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ በማስነሻው ሞተሪኖ ጉልበት ዘለል አለች፤ ቆመች። እንደገና አዞረ። ዘለለች፣ ቆመች። ውሃው ግንድ እየገፋ ከወንዙ መታጠፊያ ብቅ አለ፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ የሰው ቁመት የሚያህል።

በሦስተኛው ሞተሩ ተነሣ። ቤድፎርዷ እየተንገጫገጨች በድንጋዩ ላይ መውጣት ጀመረች። ብትቆም ፍሪሲዮን የለም፤ ማርሽ ልቀይር ማለት የማይታሰብ ነው። ኡበይደላ መሪውን በአንድ እጁ ጨብጦ እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሣም። የፊት ጎማዎቹ ዳሩን ሲነክሱ ውሃው የኋላዎቹን መታ። መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራተተች፤ እንደገና ነከሰች፤ ወጣች። ከወንዙ ዳር ካለው የማሽላ ማሳ ጥግ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ።

ከጋቢናው ወረደ። ክሪኩና የመሣሪያ ሣጥኑ ወደነበሩበት ዞሮ ሲያይ ከጎርፍ በቀር ምንም የለም። ስልኩ ጠራ።

"ወጣህ?"

"ወጥቻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። እሷም ወጥታለች።"

"እግዜር ይመስገን።" አበባው ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ተሰማው። "እጅህ ደህና ነው? ድምፅህ ልክ አይደለም።"

"አብጧል። አበባው፣ የትናንቱ ነገር..."

"መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂድ። እዚያው ቆመህ እንዳታወራ።"

"መሣሪያው ሁሉ ሄዷል።"

"የእኔ አለ። ጎርፉ ሲጎድል ጠዋት እወርዳለሁ። ሳልመጣ እንዳትነካት፣ ሰማህ?"

"ሰማሁ" አለ ኡበይደላ። እጁን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ቀስ እያለ ሄደ።