ያልተዋሃደው ሐረግ

«ሥዕሉን ልኬልሻለሁ፣ እታለም! አንቺ ቁረጪው፤ እኛ መስታወቱን አጥበን እንመጣለን» ብላ ሙሽሪት ከበሩ ላይ ጮኸች። ባልዲ ያንጠለጠለው ባሏ ከኋላዋ እየሳቀ ወጣ። ምን እንዳሳቃቸው እግዜር ይወቅ። መስታወት ማጠብ ምኑ ያስቃል?

እታለም ወርቃማውን ስቲከር ከጥቅሉ ስባ ማሽኑ ውስጥ አስገባች፤ ማሽኑ እንዳያንሸራትተው ጠርዝና ጠርዙን አጠበቀች። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ከሻንጣ የማይበልጥ ነገር ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ቢላዋ ስቲከሩን ትቆርጣለች፤ ከሥሩ ያለውን ወረቀት ግን አትነካም። በጣም ከጠለቀች ወረቀቱን ትበሳለች፣ ካልጠለቀች ደግሞ ስቲከሩ አይላቀቅም። ይህን ሁሉ እታለም ማንም ሳያስተምራት፣ ስንቱን ጥቅል አበላሽታ ነው የለመደችው።

ሙሽሪት ከተዳረች ሁለት ዓመት አልፏታል። የእታለም ወንድም ሚስት ናት። እታለም ዛሬም ሙሽሪት ነው የምትላት፤ ሰው ሲሰማው ቁልምጫ ይመስለዋል። አይደለም። ወንድሟን እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። አብረው ይህን የመስታወት ጽሑፍ ሱቅ ሲከፍቱ እሷ ትነድፍ፣ ትቆርጥ ነበር፤ እሱ ይዞ ሄዶ ይለጥፋል። «ያንቺ ዓይን ካላየው አልለጥፍም» ነበር የሚላት። አሁን ንድፍ በተሠራ ቁጥር «እስቲ እሷ ትየው» ይላል። እሷ ማለት ሚስቱ መሆኗ ነው።

ትናንት ደግሞ መንገድ ማዶ ያለችው አበባ ሻጭ መጣች። የመጀመሪያ ሱቋን ጽሑፍ የሠራችላት እታለም ናት። እታለም ፊት ቆማ፣ አፏን ሞልታ፣ «የአዲሱን ሱቄን መስታወት ያቺ ልጅ ትሥራልኝ፤ እጇ ይባረክ» አለች። እታለም ፈገግ ብላ «ምን ችግር አለው» አለቻት። ቤቷ ገብታ ራቷን ሳትበላ ተኛች።

ሙሽሪት ለአዲሱ ሱቅ መስታወት የላከችው ሥዕል ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ተከፈተ። ከመስታወቱ ግርጌ ተነስቶ በፊደሎቹ መሀል እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ ቅጠሉ ነፋስ የነካው ይመስላል። ያምራል። እሱ ነው የሚያናድደው። ቢያስጠላ ኖሮ እታለም ደግ ሴት በሆነች ነበር።

ቀለሙን አጥፍታ መስመሮቹን ብቻ አየች። እንደጠበቀችው ነው። ቅጠሉ ግንዱ ላይ ተደርቧል፣ ግንዱ ፊደሉ ላይ ተደርቧል። ሁሉም በአንድ ቀለም ስለተቀባ ለዓይን አንድ ይመስላል። ቢላዋዋ ግን ቀለም አታውቅም፤ መስመር ባየችበት ሁሉ ትቆርጣለች። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ሁሉንም መርጦ ወደ አንድ ቅርጽ ማዋሃድ ግድ ነው። አንዲት ጠቅታ ናት።

ሙሽሪት ይህችን ጠቅታ አታውቃትም። እታለም ሌላ ሌላውን ስታሳያት ይህችን ለራሷ አስቀርታለች። ከዚያ ወዲህ ሙሽሪት የምትልከውን ሁሉ ድምፅ ሳታሰማ እያዋሃደች ስትቆርጥ ኖረች። ምስጋናው ለማን? ለሙሽሪት!

እጇ ማውዙ ላይ ቆየ።

«አላዋህድም» አለች ብቻዋን፣ ጮክ ብላ። «እስቲ ዛሬ በራሷ ትቁም።»

ቁረጥ የሚለውን ተጫነችው። ማሽኑ ስቲከሩን ወዲያና ወዲህ እየሳበ መቁረጥ ጀመረ። እታለም እጇን አጣምራ አየችው። ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል፣ ደስ አላት። ወንድሟ ዓይኑ እያየ ይህች ልጅ ስትዋረድ ታያት።

ባልና ሚስቱ እጃቸው እንደረጠበ ተመለሱ። ሙሽሪት የተቆረጠውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ትርፉን ልትነቅል ከጥግ ይዛ ሳበችው። ከትርፉ ጋር የቅጠል ቁራጭ ተነቅሎ መጣ። በመርፌ ልትመልሰው ስትል የግንዱም ቁራጭ ተከተላት።

«ወይኔ! ተበጣጥሷል እኮ!»

«ምኑ?» ብሎ ባሏ ቀረበ። ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ምንድን ነው? ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ልትከፍት ነው! ከዚህ ወርቃማ ደግሞ ሌላ ጥቅል የለንም።»

«በል እንግዲህ፣ ተናገራት» አለች እታለም በሆዷ።

እሱ ግን ሚስቱን አልተናገራትም። ወደ እህቱ መጣና እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

«እታለም፣ ዓይንሽ እንዴት ነው?»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«አትቆጪ። እሷ የላከችው እስከ ዛሬ ተበላሽቶ አያውቅም። ምናልባት ማሽኑን ስታዘጋጂ የሆነ ነገር ስተሽ ይሆናል። ሰሞኑን መነጽርሽን ስትጠራርጊ አይሻለሁ።»

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። እታለም ጉድጓዷን አርቃ ነበር የማሰችው።

«ከእንግዲህ ቆረጣውንም እሷ ትያዘው» አለ ወንድሟ፣ እንደ በሽተኛ እያባበላት። «አንቺ ዕረፊ። ብዙ ደክመሽልኛል።»

«ኧረ ተው!» አለች ሙሽሪት። ቁርጥራጩን መዳፏ ላይ ሰብስባ ልታገጣጥም ትሞክራለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «የእሷ ዓይን ከእኔም ካንተም ይሻላል። እኔ ነኝ የሆነ ነገር ያጠፋሁት፤ ምን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።»

ይሄ ደግሞ ባሰ። ክፉ ብትሆን ምን አለበት! ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር።

ዝም ካለች ዓይኗ የፈዘዘ አሮጊት ተብላ ቤት ልትቀመጥ ነው። ከተናገረች ክፉ ልትባል ነው። እታለም ሁለቱንም መዘነቻቸው። የወሰነችው በደግነት አልነበረም፤ ኩራቷ ነው የገፋት። ክፉ ይበሏት እንጂ ዕውርስ አትባልም።

«ነይ ወደዚህ» አለቻት ሙሽሪትን፣ ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ እየከፈተች። «ቀለሙን ሳጠፋው ምን ይታይሻል?»

ሙሽሪት ጎንበስ አለች። «መስመር። ቅጠሉ ውስጥ የግንዱ መስመር አለ።»

«እሱን ነው የቆረጠው። አሁን ሁሉንም ምረጪ። መረጥሽ? ይቺን ተጫኚ።»

ተጫነች። የተደራረቡት መስመሮች ጠፉ፤ ሐረጉ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ አካል ሆነ።

«እንዲህ የሚባል ነገር አለ እንዴ?»

«አለ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ እንዴት…» ሙሽሪት ቀና አለች። «አንቺ ነበርሽ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም አይቼዋለሁ።» እታለም ወደ ወንድሟ ዞረች። «ዓይኔ ደህና ነው።»

«እታለም!» አለ ወንድሟ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሙሽሪት። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ግራ መጋባት ነው ያለው።

«ብነግርሽ ምን ይቀረኛል?» አለች እታለም። «ወንድሜን ወሰድሽ። ደንበኞቼን ወሰድሽ። ቀናሁ! ይቺን እንኳ ልያዛት ብዬ ነው።»

ሙሽሪት እንባዋን በክንዷ ጠረገችና የተረፈውን ወርቃማ ዘርግታ በስንዝር ለካችው።

«ለፊደሎቹ ይበቃል» አለች ቀስ ብላ። «ሐረጉን በአረንጓዴ ብንቆርጠውስ?»

እታለም በሐሳቧ አየችው። ወርቃማ ፊደል፣ አረንጓዴ ሐረግ። ከመጀመሪያውም ይበልጥ ያምራል። ለምን እኔ አላሰብኩትም ብላ እንደገና ቀናች።

«ያምራል» አለች።

«እንግዲያው ተነሺላት» አለ ወንድሟ። አሁን ተቆጥቷል። «እሷ ትቁረጠው። ጊዜ የለንም።»

እታለም ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች። ሙሽሪት ልትቀመጥ አንድ እርምጃ ቀረበች። እታለም ማሽኑን አየች፤ አረንጓዴው ስቲከር ከወርቃማው እንደሚወፍር፣ ቢላዋዋም ትንሽ ዝቅ ካላለች እንደማትቆርጠው አሰበች። ይህንንም ለማንም አሳይታ አታውቅም።

መልሳ ተቀመጠች።

«አልነሳም» አለች። «ወንበር ሳቢና አጠገቤ ተቀመጪ። ሌላም ያላሳየሁሽ ነገር አለ።»