ወሰን የተሻገረ መርዶ

ጽጌ ልጇን የቀበረችው ማሽላው ገና ሳያሸት ነው። አልማዝ ትባል ነበር፤ በቅርቡ አፏን የፈታች፣ ያየችውን ሁሉ «ይኼ ምንድነው?» የምትል ልጅ። ጣሊያን ከቀወት በላይ ያሉትን መንደሮች ሲያቃጥል እናቷ አዝላት ወደ ቆላው ወረደች። ሮቢ ወንዝ ዳር በላይ ከሚባለው የጽጌ አጎት ጎጆ ተጠግተው ሳሉ ልጅቱን ወባ ያዛት። ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርጋት ውሃ ትጠይቃለች፤ ሲነሳባት አባቷን ትጠራለች። አባቷን እየጠራች አረፈች።

አባቷ ተሰማ ያኔ አገር ውስጥ አልነበረም። ጣርማ በር ላይ ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ ጭኑን ተመትቶ፣ ጓደኞቹ በበቅሎ ጭነው ወደ በረሃ አወረዱት። እንደምንም ወሰን ተሻግሮ ፈረንሳይ ከያዘው የጅቡቲ ምድር መግባቱ ተወራ። ከዚያ ወሬው ጠፋ።

አልማዝ ከተቀበረች በኋላ፣ በሮቢት ገበያ አንድ ከጅቡቲ የመጣ የጨው ነጋዴ ጽጌን አጠያይቆ አገኛት።

«ባልሽ አለ፤ ቁስሉም ሽሯል» አላት። «‹አልማዝ አደገች ወይ? ‘አባባ’ እያለች ትጠይቅሻለች ወይ?› ብሎሻል።»

ጽጌ «ደህና ናት በለው» ልትለው አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። «ሞታለች በለው» ማለትም አቃታት። ነጋዴው መልስ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የምትናገር ስላልመሰለው አህዮቹን ነድቶ ሄደ።

የዚያን ቀን ማታ ለአጎቷ ነገረችው።

«እሄዳለሁ፣ አጎቴ። ጅቡቲ እሄዳለሁ።»

በላይ ያበደች መሰለው። «መርዶውን ለነጋዴው ንገሪውና እሱ ይንገረው። ሴት ልጅ ብቻዋን ያንን በረሃ?»

«መርዶ እንደ ጨው በአህያ አይላክም። እዚህ ቢሆን ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ነበር የሚረዳው። እዚያ ማን አለው? ከኔ ሌላ ማን ያልቅስለት?»

በላይ ሲነጋ የሚበቃትን ያህል ቆሎ አስቆልቶ ሰጣት።

ጽጌ በእግሯ ወደ አሊዩ አምባ ሄደች። እዚያ ሷሊሕ የሚባሉ የአርጎባ ነጋዴ ነበሩ። በአባቷ ዘመን ጥጥ ሊገዙ ሲወርዱ ከነሱ ቤት ያድሩ ስለነበር ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል። እስከ ባሕሩ ድረስ ያለውን የበረሃ መንገድ በወጣትነታቸው ደጋግመው የተመላለሱበት ሰው ናቸው። አሁን ሸምግለዋል፤ ቢሆንም ቡናና ትምባሆ ጭነው ለመውረድ ሲሰናዱ ደረሰች።

ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን ያዙ።

«ልጄ፣ መንገዱ እንኳ አይከብድም፤ መንገዱን አላህ ያውቀዋል» አሉ በመጨረሻ። «የሚከብደው ኬላው ነው። ጣሊያን ለኛ ለእስላሞቹ ነጋዴዎች ይለፍ ይሰጣል። የአርበኛ ሚስት መሆንሽ ከታወቀ ግን አንቺም እኔም ገመድ ነው የሚጠብቀን። እኔ የያዝኩት ይለፍ ለራሴና ለሚስቴ ነው።»

ሚስታቸው ሐምዲያ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ወጣችና ጽጌን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«እንግዲያው እኔን ሆና ትሂዳ» አለች። «ጣሊያኑ የኔን መልክ የት ያውቀዋል? እኔ እስክትመለሱ ከደጅ አልወጣም፤ ታምሜያለሁ እላለሁ።» ከዚያ ሳቅ አለች። «ስሜን ውሰጂ፣ ባሌንም ውሰጂ። ሁለቱንም ግን መልሺልኝ!»

ሳቋ ብዙ አልቆየም። የጽጌን አንገት አይታ እጇን ጭና፣ «ይኼ ያሳብቅብሻል» አለቻት ቀስ ብላ።

ጽጌ ማተቧን ለመፍታት ሞከረች። ጣቶቿ እምቢ አሉ፤ ቋጠሮውም ጠብቋል። ሷሊሕ ቢላዋ ቢያቀብሉ ሐምዲያ መለሰችው። «አይበጠስም፤ ይፈታል» ብላ ጎንበስ አለችና በጥርሷ ፈታችው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ከጌጧ ጋር አስቀመጠችው። ጽጌ ባዶ አንገቷን ሐምዲያ በሰጠቻት ሻሽ ሸፍና እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። ሐምዲያም አብራት አለቀሰች። ከዚያ እንደ እናት ቁጭ አድርጋ አስተማረቻት፦ ሻሹ እንዴት እንደሚጠመጠም፣ ሰላምታ እንዴት እንደሚመለስ፣ እህል ሲቀርብ «ቢስሚላህ» እንደሚባል። «ሰላት ከጠየቁሽ፣ ‹የወር አበባ ላይ ነኝ› በይ፤ ያን ጊዜ አትገደጂም» አለቻት።

ግመሎቹን ጭነው ቁልቁል ወረዱ። የአፋሩ ሜዳ ግራሩ እየሳሳ፣ መሬቱ እየጠቆረ ሄደ። አንድ የአፋር መንገድ መሪ ፊት ፊት ይሄድ ነበር፤ ሷሊሕ ከቋንቋው የሚበቃቸውን ያህል ይችሉታል። በአቧራውና በሙቀቱ ጽጌ አንድም ቀን ደከመኝ አላለችም። ሷሊሕ በግመል ላይ እንድትወጣ ሲለምኗት እንኳ፣ «በእግሬ ልሂድ፣ ጋሼ። ስቀመጥ ነው የማስባት» ትላቸው ነበር።

አዋሽ ዳር ኬላ አለ። አንድ ጣሊያን ከጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ሥራውን የሚሠሩት ግን ባንዶቹና አስተርጓሚው ነበሩ። አስተርጓሚው የአገር ልጅ ነው፤ አነጋገሩም የደጋ ሰው አነጋገር ነው። ይለፉን አይቶ ጽጌን አየና ዓይኑን አልነቅል አለ።

«ሐምዲያ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ያንቺን ዓይን ደጋ ነው የማውቀው።»

ሷሊሕ ሊናገሩ ሲሉ በእጁ ዝም አሰኛቸው። ባንዶቹ ያረዱት የፍየል ሥጋ በድስት ነበር። ያረደው ከነሱ አንዱ እስላም ነው። አንዱን ቁራጭ አንስቶ ዘረጋላት።

«የመንገድ ሰው ነሽ፤ ብዪ እንጂ።»

ጽጌ ሥጋውን አየችው። ያን ከበላች በኋላ በሮቢት ያለ ክርስቲያን ሁሉ ምን እንደሚላት ታውቃለች። ልጇ በሬሳ ጨርቅ ስትጠቀለል ታያት። «ቢስሚላህ» ብላ ተቀበለችና በላች። አኝካ እስክትውጥ ድረስ ሰውዬው ዓይኑን አልነቀለም። ከዋጠች በኋላ ፊቱ ኮሰሰ። አፍሮ ይሁን ወይም አዝኖ እንጃ፣ ይለፉን ለሷሊሕ መልሶ፣ «ሂዱ» አለ።

ወንዙን ተሻግረው ራቅ እንዳሉ ጽጌ ቁጭ ብላ አስመለሳት። ሷሊሕ ፊታቸውን አዙረው ቆሙላት። ውሃ አቀበሏትና፣ «አላህም ያንቺም አምላክ ያየው ነገር ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ላይ አላነሱባትም።

ወሰኑ ጋ ሲደርሱ ጽጌ ወንዝ ወይም ግንብ ጠብቃ ነበር። ያገኘችው የተከመረ ድንጋይ ነው። ወዲያ ማዶ የፈረንሳይ ባንዲራ ከእንጨት ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይኼ ነው ወሰኑ?» አለች።

«ይኸው ነው» አሉ ሷሊሕ። «ወዲህ ያለው ድንጋይ የጣሊያን ነው፤ ወዲያ ያለው የፈረንሳይ።»

ጽጌ መሪያቸውን አፋሩን በሷሊሕ አስጠየቀችው፤ «ይሄ አገር የማን ነው?»

ሰውዬው ጥያቄው ገርሞት ከዚያም ከዚህም በበትሩ ጠቆመ። «የአባቴ ግመሎች እዚህም እዚያም ይግጣሉ» አለ።

ፈረንሳይ ያስቀመጣቸው ሱማሌ ወታደሮች ስሟን ሲጠይቋት የራሴን ስም እናገራለሁ ብላ አስባ ነበር። ይለፉ ግን በሐምዲያ ስም ስለሆነ፣ ከጠላት ምድር ወጥታም «ሐምዲያ ነኝ» ብላ አለፈች።

የስደተኞቹ ሰፈር ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አሸዋ ላይ በጆንያና በቆርቆሮ የተሠራ ነበር። ተሰማን በትር ተደግፎ ከአንድ ጎጆ ደጅ ቆሞ አገኙት። ከስቷል፤ ጢሙ ሸብቷል። አንዲት የተሸፋፈነች እስላም ሴት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስትመጣ አይቶ ዓይኑን መለሰ።

«ተሰማ» አለችው።

በድምፅዋ አወቃት። በትሩን ጥሎ እየተንገዳገደ መጥቶ አቀፋት። ሳማት፣ ደጋግሞ ሳማት። ከዚያ ከኋላዋ ተመለከተ።

«አልማዝስ? ለማን ትተሻት መጣሽ?»

ጽጌ በመንገዱ ሁሉ ስታስብ የመጣችው ሌላ ነበር። መጀመሪያ ቄሱን ፈልጋ፣ ሽማግሌዎች ለምና፣ በማለዳ ቁጭ አድርገው እንዲያረዱት ነበር። አሁን ግን ፊቷን እያየ ነው።

«ለማርያም ሰጠኋት፣ ተሰማ» አለች።

ወዲያው ገባው። መሬት ላይ ወደቀ። ጩኸቱን ሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፤ በሰው አገር አሸዋ ላይ ለቅሶ ተቀመጡ። አልማዝን አንድም ቀን ያላዩ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ የራሳቸውን ሙታን እየጠሩ አለቀሱላት። ጽጌ ያን ስታይ፣ ደግ ነው የመጣሁት አለች በልቧ። ልጇ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ለቅሶ አላገኘችም ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ ነው ተሰማ አንገቷን ያየው።

«ማተብሽስ?»

«አሊዩ አምባ፣ ከእትዬ ሐምዲያ ዘንድ ነው። በኬላው ለማለፍ ፈታሁት።»

ልትደብቀው አልፈለገችም። ስሙን፣ ሻሹን፣ ሥጋውን፣ ሁሉንም ነገረችው። ተሰማ አፈሩን እያየ ሰማት።

«ጠላት ፊት ክርስቲያን አይደለሁም አልሽ» አለ።

«አልኩ። ባልል ኖሮ ልጅህ ሞታ ሳትሰማ ትቀር ነበር።»

«ሳልሰማ ብቀር ይሻለኝ ነበር።»

እሱ ልቡ ነዶ ነበርና ቀጠለ። «እኔ እግሬን የተመታሁት ለምን ይመስልሻል? እዚህ አሸዋ እየበላሁ ያለሁት? ያቺን ክር አልፈታም ብዬ አይደለም? በየማታው ወደ አገሬ ስመለስ ልጄ ወደኔ ስትሮጥ በሐሳቤ እያየሁ ነበር የምተኛው። ባዶ አንገትሽን ይዘሽ መጥተሽ እሷንም ወሰድሽብኝ።»

ይህን የሰሙት ሷሊሕ በማግስቱ መጡ። «ተሰማ፣ ስማኝ። ወላሂ፣ በቁርኣን እምልልሃለሁ፣ ይህች ልጅ እንደ ልጄ ነው አብራኝ የመጣችው» አሉት።

«እርስዎን አልጠረጠርኩም፣ ጋሼ» አላቸው ተሰማ። «እግዜር ይስጥልኝ። መልሰው ይውሰዷት።»

የሰፈሩ ቄስ ለጽጌ ንስሐ ሰጧት። አዲስ ማተብ ሊያስሩላት ሲሉ ግን እጃቸውን ያዘች። «አባ፣ አሁን ይቆየኝ። በመመለሻዬ መፍታቴ አይቀርም፤ ሁለተኛ ግን መፍታት አልችልም» አለቻቸው። ቄሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ በመስቀላቸው ብቻ ባረኳት።

ሷሊሕ ቡናቸውን ሸጠው ጨው ጭነው ሲነሡ ተሰማ ከጎጆው አልወጣም። ጽጌ በደጁ ቆማ፣ «ደህና ሁን» አለች። ዳግመኛ ያን የድንጋይ ክምር አለፈች፤ ዳግመኛ ሐምዲያ ተባለች። አሊዩ አምባ ስትደርስ እውነተኛዋ ሐምዲያ ማተቡን ከጨርቁ አውጥታ በገዛ እጇ አሰረችላት። ምን እንደ ሆነ ፊቷን አይታ ስላወቀች አልጠየቀቻትም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ስደተኞቹ ተመለሱ። ተሰማ በጀውሃ በኩል በጭነት መኪና መጥቶ ሮቢት ወረደ። ጽጌ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኛት። ተሳሳሙ።

«መቃብሯን አሳዪኝ» አላት።

ይዛው ሄደች። ትንሽ የድንጋይ ክብ ነው፤ ቁርቁራ በቅሎበታል። ተሰማ እየተንፏቀቀ ቁጭ ብሎ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ብዙ ቆይቶ፣ «ይቅር በይኝ፣ ጽጌ» አላት።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ከዚያው ከጅቡቲ ሳልወጣ ይቅር ብዬሃለሁ።»

«እንግዲያው ጎጆ እንቀልስ።»

ጽጌ ከጎኑ ተቀመጠች። «እኔ እዚያ ድረስ የመጣሁት ሐዘኑን ለሁለት እንድንሸከመው ነበር» አለችው። «አንተ ለብቻዬ መለስከኝ። ቂም አልያዝኩም፤ ግን አንዴ ለብቻዬ ተሸክሜ ለምጄዋለሁ። አሁን ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ጠፍቶኛል።»

ሊለምናት ፈለገ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ማጀቴ ከተማ ከእህቱ ዘንድ ገብቶ ኖረ። ጽጌም ሮቢ ወንዝ ዳር ማሽላና ሽንኩርቷን እያመረተች ቀረች፤ ሌላ ባልም አላገባች። በገበያ ቀን ሲገናኙ ይሳሳማሉ፤ ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ፣ ማሽላውን ወፍ እንደበላው ያወራሉ። ከዚያ እሱ አንካሳ እግሩን እየጎተተ ወደ ማጀቴው መንገድ፣ እሷም ወደ ወንዙ ይለያያሉ።